ታፔላው ማንን ነው የሚያናግረው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱን መርጫለሁ። አራቱም የሚጠይቁት ሰፈር ውስጥ ስለሚለጠፍ ጽሑፍ ነው፤ በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ፣ የቱ ከላይ ይሁን፣ ማን ያርመው። የመጀመሪያውን በረጅሙ ነው የመለስኩት፤ ሰው ሊጎዳ ነበርና።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ዳር ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ እኖራለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የማኅበራችን ጸሐፊ ሆኛለሁ። 14 ብሎክ ነን። በቀደም የውሃ ሮቶዎቹ ሲታጠቡ ክሎሪን ስለተጨመረባቸው «እስከ ነገ ጠዋት ውሃ አይቅዱ» የሚል ማስታወቂያ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አትመን በየደረጃው መግቢያ ለጠፍን። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትሠራ አንዲት የቤት ሠራተኛ ግን ማስታወቂያው አጠገብ ቆማ እያየችው ቀዳች። የሕፃን ወተት ልትበጠብጥበት ስትል አሠሪዋ ደርሳ ደፋችው። ልጅቷ ከአርሲ ከመጣች ገና አራት ወሯ ነው። አማርኛ በመጠኑ ትሰማለች፤ ፊደሉን ግን አታነብም፣ የተማረችው በቁቤ ነው። ኮሚቴው ሲሰበሰብ ወሬው ከውሃው ወጣ። አንዱ «ኦሮምኛ ይጨመር፣ ያውም ከላይ» አለ። ሌላው «እሱ ከገባ ጉራጊኛም፣ ትግርኛም፣ ወላይትኛም ይግባ» አለ። ሦስተኛው «የከተማው የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፣ አለቀ» ብሎ ተነሣ። ሁለት ስብሰባ በዚህ አለቀብን። አሁን ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሰላም የማይባባሉ ሰዎች አሉ። ገንዘባችን ከጥቂት ታፔላ አያልፍም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ሕፃኑ ስለተረፈ ተመስገን። ከዚህ የሚቀድም ነገር የለም።

ኮሚቴዎ የተጣላው «የማን ቋንቋ ይጻፍ?» በሚለው ላይ ነው። ውሃው ዘንድ የተፈጠረው ችግር ግን ሌላ ጥያቄ ነበር፤ ማን ነው የሚቀዳው? የሚቀዳውስ ሰው የትኛውን ፊደል ነው የሚያነበው? ሁለቱ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ለጊዜው ያሳድሩት። ሁለተኛውን ግን በዚህ ሳምንት ይመልሱት፤ ቀላል ነው። ከየብሎኩ አንድ ሰው ይውሰዱና በየቤቱ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቁ። እዚህ ቤት ውሃ የሚቀዳው ማን ነው? ቆሻሻ የሚያወጣውስ? ማስታወቂያ ሲለጠፍ በምን ፊደል ቢሆን ነው የሚያነቡት? በቃ። አደራ፣ «ብሔርህ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ በማንም አፍ እንዳይገባ። በዚህ ዘመን በር እያንኳኩ እሱን መጠየቅ ሰውን ያስፈራል፤ ደግሞም መልሱ አይጠቅምዎትም። የሰው ብሔር የሚያነበውን ፊደል አይነግርዎትም።

ለምን እንደማይነግርዎት ልንገርዎ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ያኔ ወጣት እንደነበሩ ያስታውሱታል፣ ትምህርቱ እያደር በ15 ቋንቋዎች ነበር የተሰጠው፤ ሁሉም ግን በግዕዝ ፊደል። ኦሮምኛም ጭምር። ጋዜጣው «በሪሳ» እንኳ መጀመሪያ የሚታተመው በዚሁ ፊደል ነበር። በ1984 ዓ.ም. ቁቤ ሲመጣ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት የገባው ልጅ በላቲን ፊደል ተማረ። ስለዚህ በእናንተው ግቢ ውስጥ ኦሮምኛን በፊደል እንጂ በቁቤ የማያነቡ አያት ሊኖሩ ይችላሉ፣ የልጅ ልጃቸው ደግሞ በቁቤ እንጂ በፊደል የማታነብ። ቋንቋቸው አንድ ነው። አንዱን ማስታወቂያ ግን ሁለቱም ማንበብ አይችሉም። ይህን ቤት ለቤት ሳይጠይቁ ማንም ኮሚቴ ተሰብስቦ አይደርስበትም።

አሁን ወደ እንግሊዝኛው። ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህን በግልጽ ልበል፤ እዚያ ማስታወቂያ ላይ እንግሊዝኛው ለማን ነበር? አማርኛ ሳያነብ እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው በ14ቱ ብሎክ ውስጥ ካለ፣ የውጭ ሀገር ቤተሰብ ተከራይቶ እንደሆነ፣ ጥሩ፣ ይጻፍለት። ከሌለ ግን ያ መስመር ለጌጥ ነው የገባው። የእኛ ከተማ ታፔላዎች ላይ እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ እንደ ክራቫት ነው፣ ሲታይ ያምራል ተብሎ ይታሰራል። ለሱቅ ታፔላ ግዴለም። ክሎሪን ያለበት ውሃ ላይ ግን እያንዳንዱ መስመር አንባቢ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ ኦሮምኛ ለመጨመር ተጨማሪ ብር አያስፈልግዎትም፤ እንግሊዝኛው የነበረበት ቦታ ላይ ያስገቡት።

«የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው» ያሉት ሰውም ሐሰት አልተናገሩም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 ላይ አማርኛን የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ ያደርገዋል፤ ከተማውም የሚሠራው በአማርኛ ነው። ግን የዚያው አንቀጽ የመጀመሪያው ንዑስ አንቀጽ ማንኛውም የኢትዮጵያ ቋንቋ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዳለው ይናገራል። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲም ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ በፌዴራል የሥራ ቋንቋነት እንዲጨመሩ ይላል። ደግሞስ የሥራ ቋንቋ ማለት መንግሥት ደብዳቤ የሚጽፍበት ነው። የእናንተ ደረጃ መሥሪያ ቤት አይደለም፣ ሰው የሚኖርበት ነው። ጎረቤት ለጎረቤቱ «ይህን ውሃ እንዳትጠጣ» ለማለት በሚገባው ቋንቋ ቢናገር ማን ይከለክለዋል?

የሌሎች ሀገር ልምድ እንዲያዩ ሲንጋፖርን ልጥቀስ። እዚያ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ነዋሪ መንግሥት በሠራቸው የጋራ ሕንፃዎች ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ልክ እንደ እኛ ኮንዶሚኒየም፣ በጣም በሰፋ መጠን። የሀገሪቱ ይፋዊ ቋንቋዎች አራት ናቸው፦ ማላይኛ፣ ማንዳሪን ቻይንኛ፣ ታሚልኛና እንግሊዝኛ። የመንገድ ስም የሚጻፈው በአብዛኛው በአንድ ፊደል ብቻ ነው፤ በላቲን። «አደጋ፣ አይግቡ» የሚለው ሰሌዳ ግን አራቱንም ቋንቋዎች አሰልፎ ነው የሚቆመው። እኔ ይህን አከፋፈል እወደዋለሁ። ሁሉም ነገር በሁሉም ቋንቋ ይጻፍ አላሉም፤ ሰው የሚሞትበት ነገር ላይ ግን ማንንም አልተዉም።

የእናንተንም በዚሁ ለይቼ ነው የማየው። ውሃ፣ ኤሌክትሪክ፣ ጋዝ፣ የሊፍት ጉድጓድ፣ እነዚህ ላይ ግቢው ውስጥ አንድ ሰው ብቻ እንኳ የሚያነበው ፊደል ካለ ይግባ። የሌሊት ጥበቃው ወላይትኛ ብቻ የሚያነብ ሆኖ ከተገኘ ለእሱም አንድ መስመር ይጻፍ፣ ያ ሰው «ወላይትኛም ይግባ» ሲል ልክ ነበር ማለት ነው። ስለ ቆሻሻ፣ ስለ መኪና ማቆሚያ፣ ስለ ሌሊት ጩኸት የሚለጠፈው ግን አብዛኛው ሰው በሚያነባቸው ሁለት ቋንቋዎች ቢሆን ይበቃል። ስህተት ቢፈጠር ጭቅጭቅ ነው፣ ሞት አይደለም።

ሦስተኛው የግቢው በር ላይ የሚሰቀለው የስም ታፔላ ነው። ኮሚቴው ውስጥ የተነሣው ቁጣ እውነተኛ ቦታው ይሄ ይመስለኛል። ሰው ቋንቋው ተጽፎ ሲያይ «እኔም እዚህ አለሁ» ይላል፤ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፣ አላቃልለውም። እዚያ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለውን በግቢው በሚነገሩት ቋንቋዎች ሁሉ ያጽፉት። ጉራጊኛውም ይግባ፣ ትግርኛውም ይግባ። የሚወጣው አንዴ ነው፣ ዓመታት ይቆያል። ከተማችን እንደሆነ ከድሮም በአንድ ቋንቋ ብቻ ተጠርቶ አያውቅም። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ለገሃር የፈረንሳይኛው ባቡር ጣቢያ ነው። ፒያሳና ካዛንቺስ ከጣሊያን ናቸው፣ ታፔላ የሚለው ቃል ራሱ ጣሊያንኛ ነው። ይህን ለኮሚቴው ያንሱላቸው፣ ትንሽ ያላላቸዋል ብዬ አስባለሁ።

«ከላይ ማን ይሁን» ለሚለው ቀላል ነገር ልምከርዎ፤ ከላይና ከታች አያድርጉት። ጎን ለጎን ያድርጉት፣ በአንድ መጠን፣ በአንድ ቀለም። እኛ ዘንድ ድግስ ላይ እንኳ ማን ከላይ ተቀመጠ የሚለው ዘመድ ያቀያይማል፣ ታፔላ ላይማ እንዴት አያጣላ። ካናዳ ውስጥ ኩቤክ በዚህ ስንት ዓመት ተከራክራለች። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ሕግ የንግድ ታፔላ በፈረንሳይኛ ብቻ እንዲሆን አዘዘ፣ በ1988 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አይሆንም አለ፣ በ1993 ደግሞ ሌላ ቋንቋም ይፈቀድ ግን ፈረንሳይኛው በጉልህ ይብለጥ ተባለ። ከዚያ ክርክሩ ስለ ፊደል መጠን ሆነ። ብራሰልስ ደግሞ የመንገድ ስሞችን በፈረንሳይኛና በደችኛ አብሮ ነው የምትጽፈው። እናንተ ከብራሰልስ ተማሩ።

ገና አልጨረስኩም፣ ምክንያቱም ቋንቋው ተስተካክሎም ማስታወቂያው ላይነበብ ይችላል። ደረጃ መግቢያ ላይ ብቻ አይለጥፉት፤ ቧንቧው ራሱ ላይ ይታሰር። የተሰረዘ ብርጭቆ ሥዕል በቀይ ይኑረው። ጊዜው ሲያልፍ የዚያኑ ቀን ይነሣ፤ ያለፈበት ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ ሲከርም ሰው ማስታወቂያ ማየት ያቆማል፣ አዲሱንም ከአሮጌው ጋር አብሮ ያልፈዋል። የቴሌግራም ግሩፕ ካላችሁም በድምፅ ይላኩት፣ ግን ግሩፑ ውስጥ ያሉት ባለቤቶች እንጂ ውሃ የሚቀዱት እንዳልሆኑ አይርሱ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ኦሮምኛውን የሚያርም ሰው ስትፈልጉ ያቺን ልጅ ጠይቋት። ከመታተሙ በፊት ታንብበው፣ ገብቷት እንደሆነ በራሷ አፍ ትንገራችሁ። ከእናንተ ኮሚቴ አባላት ሁሉ ይህን ሥራ በደንብ የምትሠራው እሷ ናት። ለድካሟም ይክፈሏት።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ዲሲ አፓርታማ ውስጥ ነው የምኖረው። ሕንፃችን ውስጥ ብዙ ሀበሻ አለ። ማኔጅመንቱ በቅርቡ በአማርኛ ማስታወቂያ መለጠፍ ጀመረ፣ ደስ ብሎን ነበር። ግን በማሽን የተተረጎመ ነው። የቆሻሻ መጣያው በር ላይ «ቆሻሻ ክፍል» ይላል፣ የአደጋ ጊዜ መውጫው ላይ «እሳት መውጫ» ይላል፣ አንዱ ወረቀት ላይ ደግሞ ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነው የወጣው። ጓደኞቼ «እንኳን አስታወሱን፣ ተዪው» ይሉኛል። እኔ ግን ያናድደኛል። ትክክል ነኝ?

መልስ፦ ትክክል ነሽ። «እሳት መውጫ» የሚለውን ያየ ሰው እሳቱ በዚያ ነው የሚወጣው ብሎ ቢሸሽ ይፈረድበታል? የአደጋ ጊዜ መውጫ ነው መባል ያለበት። የቆሻሻ መጣያ ክፍል እና ቆሻሻ ክፍልም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ ሁለተኛው ስድብ ነው የሚመስለው። የተጻፈው በቋንቋችን መስሎ ግን እኛን ያላናገረ ጽሑፍ፣ እኔን እንደሚሰማኝ፣ ካልተጻፈው ይከፋል፤ ማኔጅመንቱ «ነግረናቸዋል» ብሎ እንዲያርፍ ያደርገዋል።

ዲሲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አለ። የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉት ሕዝብ 3 በመቶው ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ አንድ ቋንቋ የሚናገር ከሆነ ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን በዚያ ቋንቋ መተርጎም አለባቸው። አማርኛም ከነዚህ ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚ ደግሞ ለማንኛውም ቋንቋ ተናጋሪ ማቅረብ አለባቸው። ይህ የሚያስገድደው የከተማውን መሥሪያ ቤቶች ነው፤ የግል አከራይሽን በቀጥታ አይመለከትም። ስለዚህ ሕንፃው ላይ የምትሠሪው ሥራ የጉርብትና ሥራ ነው። የከተማ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲያደርግ ካየሽ ግን አቤቱታ የሚቀርበው ለከተማው የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ ነው፤ ቢሮው ይቀበላል።

እንዲህ አድርጊ። እድሜያቸው የተለያየ ሦስት ተከራዮች ተሰብሰቡ፣ አንድ ትልቅ ሰው፣ አንድ በቅርቡ የመጣ፣ አንዱ አንቺ። ማስታወቂያዎቹን ሁሉ ፎቶ አንሡ። ትክክለኛውን አማርኛ ከእንግሊዝኛው ጎን መስመር በመስመር ጻፉ፣ ማኔጀሩ የቱ የየቱ እንደሆነ ማወቅ አለበት፣ አለበለዚያ «የልብስ ማጠቢያ» የሚለውን ሊፍት ላይ ነው የሚለጥፈው። ከዚያ በፒዲኤፍ ወይም በፎቶ ስጡት፣ ኮፒ አድርጎ ሲያስገባ ነው ፊደሉ ሳጥን የሚሆነው።

ደግሞ አንድ ነገር ንገሪው፤ «ሀበሻ» ሁሉ አማርኛ አያነብም። ሕንፃሽ ውስጥ ትግርኛ ብቻ የሚያነቡ ኤርትራውያን፣ በቁቤ የሚያነቡ ኦሮሞዎች ይኖሩ ይሆናል። ማኔጀሩ ይህን ከራሱ ሊያውቀው አይችልም። እኛ ነን ልንነግረው የሚገባን፣ ምንም እንኳ ለኛ የተጻፈልን ቢሆን። ከላይ የጻፉት ጋሼ አዲስ አበባ ላይ የገጠማቸውን ጥያቄ እናንተ ከሌላኛው ወገን ሆናችሁ ነው የምታዩት።

ጓደኞችሽ «ተዪው» ሲሉ ደግሞ የከተማችሁን ቻይናታውን አሳያቸው። ትልቁ የወዳጅነት በር የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፣ የታወቁት ቡና ቤቶችና ሱቆች ሁሉ ስማቸውን በቻይንኛ ጽፈዋል። ቻይናውያኑ ነዋሪዎች ግን ኪራዩ ሲወደድ አብዛኞቹ ወጥተዋል። ታፔላው ቀረ፣ የሚያነበው ሰው ሄደ። የእኛም ሰው ከአዳምስ ሞርጋን ወደ 9ኛው ጎዳና፣ ከዚያም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ እየሸሸ እንደሆነ ታያለሽ። ለሬስቶራንት ታፔላ የምንደሰተውን ያህል፣ ሰው ገና እየኖረበት ላለ ሕንፃ የአደጋ መውጫ ጽሑፍም እንጨነቅ ነው የምልሽ።

ጥያቄ፦ ከእስራኤል፣ ከነታንያ ነው። እናቴ 74 ዓመቷ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ነው የመጣነው። ሕንፃችን ላይ ማስታወቂያ በዕብራይስጥና በሩሲያኛ ነው የሚለጠፈው። አማርኛም እንዲጨመር ጠይቄ እሺ ተባልኩ። ለእናቴ በደስታ ስነግራት «እኔ ምን ይረባኛል ልጄ፣ እሱንም አላነብ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ በየትኛውም ቋንቋ አታነብም። ልፋቴ ከንቱ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ ተነካ። ልፋትሽ ከንቱ አይደለም፣ ግን ለእሷ ብቻውን አይበቃም፤ ይህን ማባበል አልፈልግም። የአማርኛው ጽሑፍ የሚጠቅመው ፎቁ ላይ ለሚኖሩ ሌሎች የሀገር ሰዎች ነው፣ አንብበው ይነግሯታል። ለእናትሽ ቀጥታ የሚደርሰው ሥዕልና ቀለም ነው።

ሜክሲኮ ሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 የከተማ ባቡሯን ስትከፍት ለእያንዳንዱ ጣቢያ ከስሙ ጋር የራሱ ሥዕል ሰጠችው፣ አንዱ ወፍ፣ አንዱ ፏፏቴ፣ አንዱ ደወል። ማንበብ የማይችል ሰው ሥዕሉን ይዞ ይሄዳል። የእኛም ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ሀገር ቤት በምርጫ ጊዜ የፓርቲው ስም ሳይሆን ምልክቱ ነበር የሚፈለገው። የሕንፃሽን ኮሚቴ ሦስት ነገር ለምኚ፦ ውሃ ሲቋረጥ ሁልጊዜ ያው የተሰረዘ ቧንቧ ሥዕል በሰማያዊ ወረቀት፣ ሊፍት ሲበላሽ ያው ሥዕል በቢጫ፣ አደጋ ሲሆን በቀይ። ቦታውም አይቀያየር። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ፣ እጇን ይዘሽ ውረጂና አሳያት። ሁለት ጊዜ ካየችው ትይዘዋለች። እነዚህ እናቶች መንደሩን፣ ወንዙን፣ የስንት ቤተሰብ የዘር ሐረግ በቃላቸው ይዘው የመጡ ናቸው፣ ሦስት ቀለም አያቅታቸውም።

ሩሲያኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችሁም ይህን አይጠሉትም። ዓይናቸው የደከመ አዛውንት እነሱም ዘንድ አሉ።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው አቦ! ድሬዳዋ ነኝ፣ የሴቶች ጸጉር ቤት ልከፍት ነው። ታፔላዬን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ማጻፍ እፈልጋለሁ። ታፔላ የሚሠራው ልጅ «ኦሮምኛና ሶማልኛ ፊደላቸው አንድ ነው፣ እኔው እጽፍልሻለሁ» አለኝ። ልተማመን? ደግሞ «ጸጉር» ነው «ፀጉር»?

መልስ፦ አትተማመኚ የኔ እህት! ልጁ ክፉ አስቦ አይደለም፣ ሁለቱም በላቲን ስለሚጻፉ ነው። ንባባቸው ግን ይለያያል። ኤክስ የምትባለዋ ፊደል በቁቤ «ጥ» ናት፣ በሶማልኛ ግን ከጉሮሮ የምትወጣው የዓረብኛዋ «ሐ» ናት። ሲ የምትባለዋም በቁቤ «ጭ» ስትሆን በሶማልኛ የዓረብኛዋ «ዐይን» ናት። ሶማልኛ ይህን አጻጻፍ እ.ኤ.አ. በ1972 ሶማሊያ ውስጥ ነው ያጸደቀው፣ ከቁቤ 19 ዓመት ቀድሞ፣ ለራሱ ድምፆች ብሎ። ስለዚህ አንዱን የሚያውቅ ሰው ሌላውን በግምት ከጻፈው ደንበኛሽ በር ላይ ቆማ ግራ ትጋባለች።

ኦሮምኛውም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቁቤ ረጅሙን አናባቢ ደርቦ ነው የሚጽፈው። «መሬት» ለማለት አናባቢው ነጠላ ነው፣ እዚያው ቃል ላይ ሁለቱንም አናባቢ ብትደርቢው «ለስላሳ» ይሆናል። ታፔላ ጻፊ ቦታ ሲጠበው አንድ ፊደል ይቀንሳል፣ ያኔ ነው ቃሉ የሚቀየረው። የኛም አማርኛ ከዚህ አላመለጠም፤ «ዋና በር» እና «ዋና ክልክል ነው» ላይ ያለው «ዋና» አጻጻፉ አንድ ነው፣ አንዱ ግን ይጠብቃል። ቋንቋውን ላደግንበት ምንም አይደለም፣ አዲስ ለሚማር ሰው ግን እንቆቅልሽ ነው።

ስለ «ጸጉር» እና «ፀጉር»፣ በሁለቱም ሲጻፍ ታያለሽ፣ ማንም አይሳሳትበትም። አንዱን ምረጪና ታፔላው፣ ካርድሽና ፌስቡክሽ ላይ ያንኑ ተጠቀሚ።

እኔም ያደግሁት እዚያው ነው። መጋላ ስንሄድ ባለ ሱቁ አንዱን ደንበኛ በሶማልኛ፣ ቀጥሎ የመጣውን በኦሮምኛ፣ እኛን በአማርኛ ያናግራል፣ ምላሱ ሳይደናቀፍ። መጋላ የሚለው ቃል ራሱ በኦሮምኛም በሶማልኛም አለ፤ ከሁለቱም ብትሄጂበት ከተማ ላይ ነው የሚያደርስሽ። የዚያ ሱቅ ታፔላ ግን በአማርኛ ብቻ ነበር። ያኔ አልገረመኝም ነበር፣ አሁን ሳስበው ይገርመኛል፤ በአፉ ሦስቱንም የሚያውቅ ሰው በሩ ላይ አንዱን ብቻ ጻፈ። አንቺ ሦስቱንም ለመጻፍ ማሰብሽ በእውነት ደስ አሰኝቶኛል።

ብሩን ከመክፈልሽ በፊት ልጁ ጽሑፉን በወረቀት ያውጣልሽ። ኦሮምኛውን ለአንዲት ኦሮሞ ደንበኛሽ፣ ሶማልኛውን ለአንዲት ሶማሌ ደንበኛሽ ስጪያቸው፣ ጮክ ብለው ያንብቡልሽ። ንባባቸው ሲደናቀፍ ካየሽ እዚያ ቦታ ላይ ምልክት አድርጊና ወረቀቱን መልሰሽ ለልጁ ውሰጂለት።